ኮቴው እየተመላለሰ ለሚያመው ሽማግሌ ፈረስ፦ ለጨፋ ሮቢትና ለከሚሴ ባለ ፈረሶች

ፈረስዎ ዕድሜው ከ15 ዓመት ካለፈ፣ አምና አንክሶ ከዳነ በኋላ ዘንድሮም የፊት እግሮቹን ዘርግቶ አልራመድም ካለ፣ ድንጋይ ወግቶት ይሆናል ብለው አይለፉት። ላሚናይቲስ የሚባለው የኮቴ ውስጥ ብግነት ሊሆን ይችላል። ሕመሙ የሚታየው እግር ላይ ነው፤ መነሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሆድና ደም ውስጥ ነው። ኮቴውን ብቻ እያከሙ መኖውን ካልነኩ በሽታው ወቅቱን ጠብቆ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥርም ካለፈው የባሰ ጉዳት ጥሎ ይሄዳል።

ጨፋ የሣር አገር ነው። የቦርከና ወንዝ በኮምቦልቻ አልፎ ወርዶ ሜዳውን ስለሚያርሰው፣ ሌላው በሚደርቅበት በጋ እዚህ አረንጓዴ አይጠፋም፤ ከአፋር ቆላም ከዙሪያው ደጋም ከብት የሚጎርፈው ለዚሁ ነው። ለበሬና ለላም በረከት የሆነው ሜዳ፣ ዳር ዳሩን ከሚበቅለው ማሽላና በቆሎ ጋር ሲደመር፣ ኮቴው አንዴ ለተጎዳ ሽማግሌ ፈረስ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ቦታ ይሆናል። በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት ከሚሴን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የጋሪ ፈረስ ቀኑን ሙሉ የሚረግጠው እሱን ነው።

ኮቴው ውስጥ ምን እንደሚሆን

በኮቴው ግድግዳና በውስጡ ባለው አጥንት መካከል ስስ ቅጠል የሚመስሉ ሥጋዎች ተደርድረዋል። በአንድ ኮቴ ውስጥ ከ500 በላይ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ደግሞ ሌሎች ጥቃቅን ቅጠሎች አሉ። በግድግዳው በኩልና በአጥንቱ በኩል ያሉት፣ የሁለት እጅ ጣቶች እንደሚቆላለፉ፣ እርስ በርስ ገብተው የፈረሱን ክብደት ይይዛሉ። አጥንቱ ኮቴው ውስጥ የተንጠለጠለው በእነሱ ነው። ሲቆጡ መያዣው ይላላል፤ ከኋላ ያለው ጅማት አጥንቱን ይስበዋል፣ ክብደቱም ከላይ ይጫነዋል፤ የአጥንቱ ጫፍ ወደ ኮቴው ወለል ማዘንበል ይጀምራል። ከፈረሱ ክብደት 60 በመቶ ያህሉ የፊት እግሮች ላይ ስለሚያርፍ ቀድመው የሚታመሙት እነሱ ናቸው።

ወደዚህ የሚያደርሱ መንገዶች ብዙ ናቸው፤ እኛ አካባቢ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ግን እህል ነው ብዬ አምናለሁ። ፈረስ ሌሊት ከማሰሪያው ተፈትቶ የማሽላ ጆንያ ላይ ቢያድር፣ ወይም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የውቂያ ወቅት አውድማ ላይ እንደ ልቡ ቢበላ፣ ሳይፈጭ ወደ ኋለኛው አንጀት የወረደው እህል ይቦካል። አሲዱ እዚያ የሚኖሩትን ጠቃሚ ተህዋስያን ይገድላል፣ መርዛቸው ወደ ደም ይገባል፣ ከዚያ ኮቴው ይቆጣል። ማንከሱ የሚጀምረው እህሉ ከተበላ ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ነው። ባለ ፈረሱ የሰኞውን ጆንያ ከረቡዑ ማንከስ ጋር የማያያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቀስ ብሎ የሚሠራው ነው። ስኳርና ስታርች የበዛበት መኖ የፈረሱን ኢንሱሊን ከፍ አድርጎ ያቆየዋል፤ ከፍ ብሎ የሚቆይ ኢንሱሊን ደግሞ ብቻውን ኮቴን ያቆጣል። በሽማግሌ ፈረስ ላይ የሚመላለሰው በአብዛኛው ይኸኛው ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ከእነዚህ ሌላ በጠንካራ መንገድ ላይ ረጅም ሩጫ፣ አንዱ እግር ተጎድቶ ክብደቱ ሁሉ በሌላው ላይ መውደቁ፣ በባዝራ ላይም ከወለደች በኋላ የእንግዴ ልጁ ከ3 ሰዓት በላይ መቆየቱ ለዚሁ ያደርሳሉ።

በእጅዎ ይመርምሩት

ማለዳ፣ ጋሪ ሳይጠመድና ፀሐይ ሳይመታው፣ ቆሞ ሳለ ይመልከቱት። የታመመ ፈረስ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት አስቀድሞ፣ የኋላዎቹን ከሆዱ ሥር ሰብስቦ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል። አንዱን እግር አንሥቶ ሌላውን ያሳርፋል፣ መልሶ ይቀይራል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደህና የመሰለው በጠባብ ቦታ ሲያዞሩት ይንገዳገዳል። ለስላሳ አፈር ላይ ይራመድና ጠጠር ላይ ሲደርስ ይቆማል። የባሰበት መተኛት ያበዛል፣ ያልበዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሆድ ቁርጠት ይመስለዋል።

አሁን ጎንበስ ይበሉና የደም ሥሩን ትርታ ይፈልጉ። ቦታው ከቁርጭምጭሚቱ በታችና ከኮቴው በላይ ባለው ቀጭን ክፍል፣ በሁለቱም ጎን ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ ነው። አውራ ጣትዎን ሳይሆን ሁለቱን ተከታይ ጣቶች ቀስ አድርገው ያሳርፉ፤ ከቆዳው ሥር የሚንሸራተት ቀጭን ጥቅል ይሰማዎታል። ጠንክረው አይጫኑ፣ ከተጫኑት ትርታው ይጠፋል። ትንሽ ይጠብቁ። በጤነኛ ፈረስ ላይ ትርታው በጭንቅ ነው የሚሰማው፤ የተቆጣ ኮቴ ካለ ግን ጣትዎን መልሶ ይገፋል። ይህን መለማመድ ያለብዎት ፈረሱ ደህና በሆነበት ሰሞን ነው፤ ጤነኛውን ትርታ የማያውቅ እጅ የታመመውን አይለይም። በየቀኑ ልጓም ሲያገቡለት አንድ ጊዜ መዳሰስ ማንከስ ከመጀመሩ በፊት ያስጠነቅቅዎታል።

የኮቴውንም ሙቀት በእጅዎ መዳፍ ይለኩ፤ ነገር ግን በጨፋ ቀትር የማንኛውም ፈረስ ኮቴ ስለሚግል ከንጋት በኋላ በተለካው ላይ አይተማመኑ። ትርታውና ሙቀቱ በአንድ እግር ብቻ ከሆነ መግል የቋጠረ ኮቴ፣ የተወጋ ወይም ምስማር የገባበት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም የፊት እግሮች ከሆነ ላሚናይቲስን ያስቡ።

በሽታው የቆየ መሆኑን ኮቴው ራሱ ይናገራል። ግድግዳው ላይ ዙሪያውን የሚሄዱትን ቀለበቶች ይመልከቱ፦ ከፊት ተቀራርበው ተረከዙ ጋ ከተራራቁ ፈረሱ ከዚህ ቀደም ታሟል። የፊቱ ግድግዳ ረዝሞ ወደ ላይ መቀልበሱ፣ የኮቴው ወለል ጎድጓዳ መሆኑ ቀርቶ መደልደሉ ወይም ወደ ውጭ ማበጡም ምልክት ነው። ኮቴ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስለሚያድግ፣ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ያለው የአንድ ዓመት ገደማ ታሪክ ነው። ቀለበቱ የወጣበትን ከፍታ ለክተው ወደ ኋላ ቢያሰሉ ሕመሙ በየትኛው ወር እንደነበር፣ ያኔ ምን ይበላ እንደነበር ማስታወስ ይችላሉ። ይህ ስሌት ለሐኪሙም ትልቅ መረጃ ነው።

ዕድሜውን በእርግጠኝነት ካላወቁ፣ ከላይ ካሉት የፊት ጥርሶች የዳሩን ይመልከቱ። በ10 ዓመት ገደማ ከድዱ ሥር ጥቁር ስንጥቅ ብቅ ይላል፣ በ15 ግማሽ ይደርሳል፣ በ20 እስከ ጫፍ ይወርዳል። ግምት ነው፤ ከሻጭ ወሬ ግን ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት

ሥራውን ያቁሙ። ዛሬ ብቻ ልጨርስ የሚባል ጉዞ የለም፤ በላላው መያዣ ላይ የሚረገጥ እያንዳንዱ እርምጃ አጥንቱን ወደ ታች ይገፋዋል። ታማሚ ፈረስን ደሙ ይዘዋወር ብሎ ማስሮጥ ወይም ማመላለስ የቆየ ልማድ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። በጋለ ብረት መተኮስና እግሩን በጥቶ ደም ማፍሰስም ቁስል ይጨምራሉ እንጂ ኮቴው ውስጥ ያለውን አይነኩም። አባቶቻችን ይህን ያደርጉ የነበረው ለፈረሳቸው ከነበራቸው ጭንቀት ነው፤ ዛሬ የተሻለ መንገድ ስላለ ጭንቀታችንን ወደዚያ እንውሰደው።

እህሉን፣ ፉርሽካውን፣ አተላውን በሙሉ ከፊቱ ያንሡ። ውሃ ግን አይከልክሉት።

እህል ላይ ካገኙት፣ ገና ሳያነክስ፣ የዚያኑ ሰዓት የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ሆዱን ማጽዳት የሚቻለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። በዚህ ጊዜ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ቅዝቃዜ ነው፦ ከኮቴው ጀምሮ እስከ ጉልበቱ አጠገብ በበረዶ ውሃ ውስጥ፣ ሳይቋረጥ ከ48 እስከ 72 ሰዓት። ቀላል ሥራ አይደለም። በረዶውን ለስላሳ ከሚያቀዘቅዙ ሱቆች በኃይላንድ ጠርሙስ እያስቀዘቀዙ፣ ወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት እግሩ ላይ አስረው፣ ቤተሰብ እየተፈራረቀ መሙላት ያስፈልጋል። የቦርከና ውሃ ለዚህ የሚበቃ ቅዝቃዜ የለውም፤ ሕመሙን ለጊዜው ሊያቀልለት ይችላል እንጂ የበረዶውን ሥራ አይሠራም። ረግረጉ ውስጥ ማቆምማ ይቅር፤ ኮቴው ይለሰልሳል፣ አልቅትና ነፍሳትም አሉ።

ከዚያ መኝታውን ያዘጋጁ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የወንዝ አሸዋ፣ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ያንጥፉለት። አሸዋ ከኮቴው ወለል ሥር ገብቶ ክብደቱን ስለሚያካፍል እኔ አሸዋን እመርጣለሁ፤ ግን መኖውን አሸዋው ላይ አይጣሉለት፣ አብሮ ከዋጠው ሆዱን ይዘጋዋል። መኝታ እስኪደርስ ከፍራሽ ስፖንጅ በኮቴው ልክ ሁለት ሦስት ድርብ ቆርጠው፣ ከሥር አድርገው፣ በጨርቅና በብስክሌት የውስጥ ጎማ ኮቴው ላይ ብቻ ይሰሩት። ማሰሪያው ከኮቴው በላይ ቆዳውን እንዳያንቀው ይጠንቀቁ፣ በየቀኑም ፈተው ይዩት። መተኛት ከፈለገ ይተኛ፣ አያስነሡት።

ለሕመሙ ሐኪሙ ፊኒልቡታዞን ወይም ፍሉኒክሲን ሊያዝ ይችላል። መጠኑ በክብደት የሚሰላ ነው፤ ሲበዛ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ሁለቱን ደርቦ መስጠትም እንዲሁ። ከሰው መድኃኒት ቤት የተገዛ ክኒን አይስጡት። አንድ ነገር ደግሞ ሐኪሙ ሳይጠይቅዎት ይንገሩት፦ ይህ ፈረስ ላሚናይቲስ እንደሚመላለስበት። ዴክሳሜታዞንና የዚያ ወገን የሆኑ መርፌዎች ለብዙ በሽታ ይሰጣሉ፤ እንዲህ ባለ ፈረስ ላይ ግን ብግነቱን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ።

መኖ፦ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ

ፈረስን ማስራብ መፍትሔ አይደለም። የተራበ ፈረስ ስቡን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይለቅና ጉበቱ ይጎዳል። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ወፍሮ ከሆነ በቀን 4 ኪሎ ገደማ፣ ከስቶ ከሆነ እስከ 5 ኪሎና ከዚያ በላይ ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። ከ3 ያላነሰ ጊዜ ተከፋፍሎ ይቅረብለት።

የጤፍ ጭድ ለዚህ ፈረስ ጥሩ መሠረት ነው፤ ስኳሩ ዝቅተኛ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም፣ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው፤ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ደግሞ ሳያላምጠው ከዋጠው አንጀቱ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ስለዚህ ረጠብ አድርገው፣ ከደረቅ ሣር ጋር ቀላቅለው ይስጡት። ደረቁን ሣር ለ30 ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ ነክረው ውሃውን ሲደፉት ከስኳሩ የተወሰነው አብሮ ይወጣል፤ በቆላ ሙቀት ከ1 ሰዓት በላይ ከቆየ መቡካት ስለሚጀምር አያሳድሩት። ከስቶ ሥጋ እንዲያወጣ ከፈለጉ ግማሽ ኪሎ ያህል ያልሻገተ የኑግ ፋጉሎ ከእህል ይልቅ ይሻለዋል። ከአፋር የሚመጣው ጨው ሁልጊዜ ከአጠገቡ አይጥፋ፤ ጨው ውሃ ያስጠጣዋል፣ ውሃው ጭዱን ያንሸራትተዋል።

የማይሰጡትን ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ፉርሽካ፣ የጠላ አተላ፣ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ እንጀራና ዳቦ ፍርፋሪ ይቅሩበት። ጥንቅሽ ልጆች የሚያኝኩት ስለሚጣፍጥ ነው፤ የሚጣፍጠው ስኳር ስለሆነ ነው፤ ልጆቹ ገለባውንም አገዳውንም ለፈረሱ እንዳይሰጡ ይንገሯቸው። እርጥብ የማሽላና የበቆሎ አገዳም ከዚያ አይለይም። ጎተራውና ጆንያው ያለበት ክፍል በር ይቀርቀር።

ሣሩን በተመለከተ ሚዛናዊ መሆን ይገባል። የቆላ ሣር እንደ ቀዝቃዛ አገር ሣር ስኳር አያከማችም፤ ስለዚህ ስለ አውሮፓ ለምለም መስክ የሚነገረው ሁሉ ለጨፋ አይሠራም። ሆኖም ከድርቅ በኋላ በበልግ ዝናብ ወይም በክረምቱ መግቢያ ፈጥኖ የሚወጣው ለጋ ሣር፣ ፈረሱ ወራት ሙሉ ጭድ ሲበላ ቆይቶ በአንድ ቀን ሲለቀቅበት፣ ለሆዱም ለኮቴውም አደጋ ነው። ሣር ስኳሩን የሚያመርተው በፀሐይ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ይበዛበታል፣ ሌሊት ይቀንሳል። ስለዚህ ፈረሱን ጎህ ሲቀድ አውጥተው 3 ሰዓት ሲል ይመልሱት፣ ረዥም ገመድ ሳይሆን አጭር ገመድና ካስማ ይጠቀሙ፣ ለጋው ሣር ላይ ሳይሆን ላሞቹ ቀድመው በጋጡት ላይ ይሰሩት። ወደ አዲስ መስክ ሲያሸጋግሩት በ15 ደቂቃ ጀምረው በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ያሳድጉለት። ትርታው በረታ ባለ ማግሥት ወደ ጭዱ ይመልሱት።

ለምን ይመላለሳል?

መኖው ተስተካክሎም በሽታው ከተመለሰ ወይም ፈረሱ ወፍራም ሳይሆን ከሲታ ሆኖ ከታመመ፣ ከአንጎሉ ሥር ያለችው ትንሽ ዕጢ ሥራዋን አዛብታ ይሆናል። ይህ የሽማግሌ ፈረስ በሽታ ነው። የጀርባው ሥጋ እየሟሸሸ ሆዱ ይንዘረጠጣል፣ ፀጉሩ ረዝሞ በወቅቱ አይረግፍም፣ ብዙ ይጠጣል ብዙም ይሸናል፣ ትንሽ ቁስል ሳትድን ትከርማለች። ሕመሙ በደም ምርመራ ይለያል፤ ፐርጎላይድ የሚባለው ክኒኑ በየቀኑ ዕድሜ ልክ የሚሰጥ ስለሆነ ለአብዛኛው ባለ ጋሪ ከአቅም በላይ ነው። መድኃኒቱ ባይገኝም ምርመራው ከንቱ አይደለም፤ ሐኪሙ ምልክቱን ብቻ አይቶ ቢጠረጥር እንኳ እህልን ለዘለቄታው መተው እንዳለብዎት ያውቃሉ። ከወረዳው ክሊኒክ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም ደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፤ ቢሾፍቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ስፓናና ዶንኪ ሳንክቹሪ የተባሉት ድርጅቶችም ለጋማ ከብት ሲሠሩ ቆይተዋል።

ጥርሱም ይታይለት። ሣር አኝኮ እየጣለ ከሆነ፣ ወይም በፋንድያው ውስጥ ያልተፈጨ ረዥም ጭድ ካለ፣ የመንጋጋ ጥርሱ ሹል አውጥቷል፤ ባለሙያ በሞረድ ያስተካክለው።

ኮቴውና ሥራው

ኮቴው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይከርከም። ዓላማው የረዘመውን ፊት ማሳጠርና ከፍ ያለውን ተረከዝ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማውረድ ነው፤ በአንድ ቀን ሁሉንም አይቁረጡ። ወለሉ ላይ ቢላ አያሳርፉ፣ የተደለደለ ወለል ስስ ነው፤ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል። ብረት ጫማ ካለውና ሕመሙ ትኩስ ከሆነ፣ ማውለቁን ሐኪሙ ወይም ልምድ ያለው ሰው በዝግታ ያድርገው፤ ኮቴው በተቆጣበት ወቅት አዲስ ምስማር መምታት ግን ፈጽሞ አይገባም። ሲያገግም መግል መቋጠር የተለመደ ነው፤ በድንገት አንዱን እግር ጨርሶ አልረግጥ ካለ ያስከፍቱለትና ለብ ባለ የጨው ውሃ ይዘፍዝፉለት።

ወደ ሥራ መቼ ይመለስ? የሕመም ማስታገሻው ከቆመ በኋላ ያለ መድኃኒት በደንብ መራመድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ 1 ወር ይረፍ። ከዚያ ለስላሳ አፈር ላይ ባዶውን፣ ቀጥሎ ቀላል ጭነት፣ ቀስ በቀስ። ይህ ምክር የዕለት እንጀራው ጋሪው ላይ ለሆነ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በ10 ቀን ተመልሶ የተጠመደ ፈረስ ዳግም ሲወድቅ የሚያስቀረው የወራት ገቢ ነው። ሕመሙ የሚመላለስበት ሽማግሌ ደግሞ ከአስፋልት ጋሪ ቢወጣና ቀለል ያለ የመንደር ጭነት ቢይዝ ዕድሜው ይረዝማል።

ሳይሆን ሲቀር

አንዳንዱ አይድንም። የአጥንቱ ጫፍ የኮቴውን ወለል ሰንጥቆ ከወጣ፣ ከኮቴው አናት ላይ ፀጉሩ ባለበት ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ከታየ፣ ወይም መድኃኒት እየተሰጠው ለቀናት ሳይነሣ ከተኛ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስቃይ ብቻ ነው። ወሎ ራስ ሚካኤል በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ እየተባሉ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱበት፣ ሰው በፈረሱ የሚጠራበት አገር ነው። እዚህ አገር ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የጎተተ ፈረስ መንገድ ዳር ተጥሎ ሌሊት በቁሙ የጅብ እራት ሲሆን ማየት ያሳዝነኛል። ሐኪሙን ጠርተው በመርፌ ያሳርፉት።

ሬሳውን ሜዳ ላይ አይተዉት። ፈረሱ የተወጋው ማደንዘዣ ሬሳውን የበላውን ጅብም አሞራም ይገድላል። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የተወጋ ከብት ሬሳ ደግሞ በሕንድና በፓኪስታን ጥንብ አንሣዎችን ፈጅቷል። ከወንዝና ከጉድጓድ ውሃ ርቆ፣ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ከላዩ ከ1 ሜትር ያላነሰ አፈር የሚያርፍበት ጉድጓድ አስቆፍረው ይቅበሩት፤ የክሊኒኩ ባለሙያ ቦታ ለመምረጥ ያግዝዎታል።